የበቆሎ ፑዲንግ የእንቁላል ምግብ ነውን? ለአንድ የተለመደ አመለካከት የተሰጠ ምላሽ

የበቆሎ ፑዲንግን በተመለከተ በምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍትም ሆነ በየቤቱ ማድ ቤት ሥር የሰደደ አንድ አመለካከት አለ። በዚህ አመለካከት ፑዲንጉን ፑዲንግ የሚያደርገው እንቁላልና ወተት ነው። ሁለቱ ተመትተው በምድጃ ሙቀት ይረጋሉ፤ በቆሎው በመካከላቸው ገብቶ ጣዕም ይሰጣል። ይህን የተቀበለ ሰው ሁለት ነገር ለማመን ይገደዳል። የመጀመሪያው፣ ምግቡን እንደየአፋችን ማስተካከል የሚቻለው በስኳር፣ በቅመም፣ በአይብና በመሳሰሉት ብቻ እንደሆነ ነው፤ የእንቁላሉና የወተቱ ልክ እንደ ሕግ ይጠበቃል። ሁለተኛው፣ እንቁላልና ወተት ያልገባበት የበቆሎ ፑዲንግ ገንፎ ወይም ምትክ እንጂ ፑዲንግ ሊባል እንደማይገባው ነው። ሁለቱንም አልቀበልም። ፑዲንጉን አስቀድሞ የሚያረጋው የበቆሎው የራሱ ወተት ነው፤ እንቁላል የሚያስፈልገው ያ ወተት በቀጠነበት ልክ ነው፤ ማስተካከልም የሚጀምረው ከበቆሎው ነው እንጂ ከስኳሩ ማንኪያ አይደለም።

ምግቡን ላልቀመሰ አንባቢ ጥቂት ልበል። የበቆሎ ፑዲንግ በአሜሪካ፣ በተለይም በቨርጂኒያና በኬንታኪ፣ ከዶሮ ወይም ከሥጋ ጎን የሚቀርብ በምድጃ የሚጋገር ምግብ ነው። ከላይ ቡናማ ቆዳ ያወጣል፣ ከውስጥ ለስልሶ በማንኪያ ይዛቃል። ጣፋጭም ጨዋማም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ነው። በኬንታኪ፣ ሃሮድስበርግ ከተማ የሚገኘው ቦሞንት ኢን የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ስሙ ከዚህ ምግብ ጋር አብሮ ይነሣል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ያውቁታል፤ በኅዳር ወር የምስጋና ቀን ገበታ ላይ ከተርኪው ጎን የሚቀመጠው እርሱ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የሩቅ ሀገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጾም ወራት እንዴት ይሠራ የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ቤቶች በየዓመቱ ይነሣል፤ ለጥያቄው የሚሰጠው የተለመደ መልስም ከላይ ከጠቀስኩት አመለካከት የሚመነጭ ነው።

ተቃራኒውን ወገን በደካማ ጎኑ ይዞ መርታት ቀላል ስለሆነ ከጠንካራ ጎኑ ልጀምር። ከምስክሮቹ ሁሉ የሚከበሩት ኤድና ሉዊስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 በቨርጂኒያ፣ ፍሪታውን በምትባል መንደር ተወለዱ፤ መንደሯን የመሠረቷት ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ሲሆኑ ከመሥራቾቹ አንዱ የእርሳቸው አያት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ዘ ቴስት ኦፍ ካንትሪ ኩኪንግ» የተሰኘ መጽሐፋቸው የዚያችን መንደር ምግብ ከየወቅቱ ጋር አያይዞ የመዘገበ ታላቅ ሥራ ነው። በዚያ መጽሐፍ የበቆሎ ፑዲንግ አለ፤ የሚረጋውም በእንቁላልና በወተት ነው። እንዲህ ያለ ምስክር በቀላሉ አይገፋም። የእንቁላሉ አሠራርም የታወቀ ነው፦ ከወተት ጋር የተመታ እንቁላል 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል፣ ከ85 ብዙ ሲያልፍ ደግሞ ይጨማደድና የያዘውን ውሃ ይለቃል። ሳህኑን ሙቅ ውሃ በያዘ ሰፊ መጥበሻ ውስጥ አስቀምጦ መጋገር የተለመደው ለዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ከተቃራኒው ወገን ጋር ልዩነት የለኝም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ሁሉም ዓይን ወደ እንቁላሉ ሲዞር በበቆሎው ውስጥ የሚሆነው ሲረሳ ነው። እሸት በቆሎ በጥፍር ሲወጋ ነጭ ፈሳሽ ይረጫል። ያ ፈሳሽ ውሃ፣ ስኳርና ደቃቅ የስታርች ቅንጣት የያዘ ነው። የበቆሎ ስታርች ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠውና የሚወፍረው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ይኸውም እንቁላሉ ከሚረጋበት ሙቀት በታች ነው። በምድጃው ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል እንግዲህ ግልጽ ነው። ፑዲንጉ እየሞቀ ሲሄድ መጀመሪያ የሚወፍረው የበቆሎው ወተት ነው፤ እንቁላሉ የሚረጋው የወፈረ ነገር ውስጥ ሆኖ ነው። ከዚህም በላይ ስታርቹ ለእንቁላሉ ጠባቂ ነው። ዱቄት የገባበት የእንቁላል ክሬም ቢፈላ እንኳ የማይበጣጠሰው፣ ዱቄት የሌለበት ግን ገና ሳይፈላ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ የበቆሎ ፑዲንግ አሠራሮች ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይታዘዛል፤ የሚታዘዝበት ምክንያት ግን ከስንት አንዴ ነው የሚነገረው። ዱቄቱ የሚገባው ከበቆሎው የጎደለውን ስታርች ለመሙላት ነው። እንቁላል ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ዱቄቱ ባላስፈለገም ነበር።

ከኬሚስትሪው ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ግን ታሪኩ ነው። አውሮፓውያን ላምና ዶሮ ይዘው ከመምጣታቸው በፊት በቆሎን የሚያውቁ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እሸቱን ፍቀው ይጋግሩት ነበር። የሴኔካ ተወላጅ የነበረው አርተር ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1910 ሴኔካዎችን ጨምሮ ሆደኖሾኒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በቆሎን እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚያትት ጥናት አሳትሟል። እሸቱን ከቆረቆንዳው ለመፋቅ የአጋዘን መንጋጋ ከነጥርሱ ይጠቀሙ እንደነበር፣ የተፋቀውንም እንደሚጋግሩት ወይም በበቆሎው ቅጠል ጠቅልለው እንደሚቀቅሉት ጽፏል። የመንጋጋው ጥርስ የፍሬውን ልብስ ቀዶ ወተቱንና ልቡን ያወጣል፤ ልብሱ ከቆረቆንዳው ጋር ይቀራል። ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይዘን ዛሬ የምንሠራው ሥራ ይኸው ነው። ከሜክሲኮ እስከ አንዲስ ተራሮች ድረስም ተመሳሳይ ምግብ አለ፤ የአንዲሶቹ ኡሚታ፣ የብራዚሎቹ ፓሞኛ፣ ሁለቱም ከተፈጨ እሸት ተሠርተው በራሱ በበቆሎው ልባስ ተጠቅልለው ይበስላሉ።

በተለይ ለክርክራችን ሚዛን የሚደፋው ብራዚላውያን ኩራው የሚሉት ምግብ ነው። እሸት በቆሎ ከወተት ጋር ይፈጫል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ ከስኳር ጋር እሳት ላይ እየተማሰለ ይወፍራል፣ በሳህን ተገልብጦ ቀረፋ ይነሰነስበታል። ሲቀዘቅዝ በቢላ የሚቆረጥ ፑዲንግ ይሆናል። እንቁላል አይገባበትም። የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ማሐሬቴም ዘመዱ ነው፤ እዚያ የኮኮናት ወተት ይጨመርበታል። እነዚህን ሁሉ ምትክ ናቸው የሚል ሰው ካለ፣ የማን ምትክ እንደሆኑ ሊነግረን ይገባል፤ ሥራቸው ከእንቁላሉ ፑዲንግ አይደለምና።

ከራሷ ከአሜሪካ የጽሑፍ ማስረጃ ቢፈለግ ደግሞ አሚሊያ ሲመንስ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1796 ሃርትፎርድ ውስጥ ያሳተሙት «አሜሪካን ኩከሪ» በአሜሪካዊ ተጽፎ በአሜሪካ የታተመ የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ ሆኖ ይቆጠራል። በውስጡ ሦስት የበቆሎ ዱቄት ፑዲንጎች ተከታትለው ቀርበዋል። የመጀመሪያው ለ3 ፓይንት ወተት፣ ማለትም ለ1 ሊትር ተኩል ገደማ፣ 7 ማንኪያ የበቆሎ ዱቄትና 7 እንቁላል ይጠይቃል። ሁለተኛው ለዚያው ለ3 ፓይንት ወተት አንድ ሙሉ ፓይንት ዱቄት ያስገባል፤ እንቁላሉ ወደ 2 ይወርዳል። ሦስተኛው አንድ ፓይንት ዱቄት በአንድ ኳርት፣ ማለትም በ2 ፓይንት፣ ወተት ብቻ ያርሳል፤ በጨርቅ ወይም በዕቃ ታሽጎ 12 ሰዓት እንዲቀቀል ያዛል፤ እንቁላል የለውም። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ምን እንደሚሉ ያያል። ከወተቱ አንጻር በቆሎው በበዛ ቁጥር እንቁላሉ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ሲመንስ ይህን ሕግ አድርገው አልጻፉትም፤ ልኩን ግን እጃቸው ያውቀው ነበር። በሁለተኛው አሠራር ስኳሩና ቅመሙ በቁጥር ሳይወሰን ለሠሪው መተዉም ልብ ይባል። «ልኩን አትንካ፣ ቅመሙን ቀያይር» የሚለው የዛሬው ትምህርት የተገላቢጦሽ ንባብ ነው ማለት ነው፤ በሲመንስ መጽሐፍ የሚቀያየረው ልኩም ጭምር ነውና።

ይህ ስለ ደረቅ በቆሎ ዱቄት እንጂ ስለ እሸት አይደለም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ የዱቄቱ ፑዲንግና የእሸቱ ፑዲንግ ጣዕማቸውም ልስላሴያቸውም አይገናኝም። የሚያረጋው ነገር ግን በሁለቱም ስታርች ነው። በዱቄቱ ደርቆ ተቀምጧል፣ በእሸቱ በወተት ውስጥ ተንሳፏል። ክርክሬ የሚፈልገውም ይህን ያህል ብቻ ነው።

እንግዲያው እንቁላሉ የበላይነቱን እንዴት አገኘ? በእኔ ግምት ሁለት ነገር አገዘው። አንዱ ወቅት ነው። የበቆሎ ፑዲንግ የሐምሌና የነሐሴ ምግብ ነበር፤ በኤድና ሉዊስ መጽሐፍም ቦታው ከዚያ ሀገር የበጋ አዝመራ ጋር ነው። በኅዳር ግን በቨርጂኒያ ማሳ ላይ እሸት የለም። ምግቡ የምስጋና ቀን ገበታ ሲይዝ በቆሎው ከቆርቆሮ ወይም ከፍሪዘር መምጣት ግድ ሆነ። ከውሃው የተጠለለ የቆርቆሮ በቆሎ ፍሬው ሙሉ ነው፤ ወተቱ ከልብሱ ውስጥ በስሎ ቀርቷል፣ ወደ ድብልቁ አይፈስም። እንዲህ ያለ በቆሎ በእርግጥም እንቁላልና ወተት ውስጥ የተንሳፈፈ ፍሬ ነው። የተለመደው አመለካከት የገለጸው ይህን ፑዲንግ ከሆነ በትክክል ገልጾታል፤ ስሕተቱ የኅዳሩን ፑዲንግ የበቆሎ ፑዲንግ ሁሉ መለኪያ ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዘሩ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ማድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ጉዳይ ነውና። ጣፋጭ በቆሎ ከተራው በቆሎ የሚለየው ስኳርን ወደ ስታርች የመለወጡ ሥራ በተፈጥሮ ስለተስተጓጎለበት ነው። በድሮዎቹ ጣፋጭ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ በርፒ የተባለው የዘር ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1902 ለገበያ ባቀረበው ጎልደን ባንታም ወይም በነጩ ሲልቨር ኩዊን፣ መስተጓጎሉ በከፊል ነው። ፍሬው ስኳር ይይዛል፤ ከስኳሩም ጋር ፋይቶግላይኮጅን የሚባል በውሃ የሚሟሟ የስታርች ዘመድ ያከማቻል። እነዚያ በቆሎዎች አፍ ውስጥ ቅባት ያላቸው ያህል የሚለሰልሱት በእርሱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላውናን የተባለው ተመራማሪ «ሽረንክን 2» የተባለው ባሕርይ ያለው በቆሎ ከሌላው እጅግ እንደሚጣፍጥ አስተዋለ። በዚህ በቆሎ ስታርች የመሥራቱ ሂደት ገና ከመጀመሪያው እርምጃ ላይ ይቋረጣል። ስኳሩ ይከማቻል፤ ስታርቹም ፋይቶግላይኮጅኑም እጅግ ያንሳል። በተጨማሪም ጣፋጭነቱ ከተቀጠፈ በኋላ ለብዙ ቀናት ስለማይጠፋ ለረጅም መንገድ ይመቻል፤ የሱፐርማርኬቶችን መደርደሪያ የያዘውም ለዚህ ነው። የድሮው በቆሎ ግን በሙቀት ውስጥ አንድ ቀን ካደረ ከስኳሩ ብዙውን ወደ ስታርች ይለውጣል።

ከዚህ የሚከተለውን እናስተውል። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት የአሠራር ወረቀት ይዘው፣ አንዷ ከገበሬ የተቀጠፈ ሲልቨር ኩዊን፣ ሌላዋ ከሱፐርማርኬት የተገዛ እጅግ ጣፋጭ በቆሎ ቢጠቀሙ፣ አንድ ዓይነት ፑዲንግ አያወጡም። የመጀመሪያዋ ወፍራምና ለስላሳ ታገኛለች፤ የሁለተኛዋ ጣፋጭ ሆኖ ከሥሩ ውሃ ያቅራል። ሁለተኛዋ እንቁላል ብትጨምር ይረጋላታል፤ ጣዕሙ ግን ወደ እንቁላል ጥብስ ያደላል። የተለመደው ምክር እንቁላል ጨምሪ የሚል ነው። እኔ የምመክረው የጎደለውን እንድትመልስ ነው፤ የጎደለው ደግሞ የበቆሎ ስታርች ነው። ሁለት ማንኪያ ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት ወይም አንድ ማንኪያ ተኩል የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛው ወተት ተበጥብጦ ቢገባ ፑዲንጉ ይጠብቃል፣ የበቆሎ ጣዕሙም አይደፈንም።

በቆሎው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እያንዳንዱን የፍሬ መስመር በቢላ ስለት መሐል ለመሐል ሰንጥቆ በቢላው ጀርባ ከላይ ወደ ታች መፋቅ፣ ወይም ቆረቆንዳውን በመፈቅፈቂያ ላይ ማሸት ይበቃል። ከወጣው ወተት ሁለት ማንኪያ በትንሽ መጥበሻ ላይ ሲሞቅ ማንኪያው ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ስታርች አለው። እንደ ሽሮፕ ቀጥኖ የሚፈስ ከሆነ የለውም። ወተቱን በብርጭቆ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ከሥሩ የሚዘቅጠውን ነጭ ዝቃጭ ማየትም ያው ነው። የእንቁላሉ ቁጥር የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ወተቱ ወፍራም ከሆነ ለ3 ኩባያ የተፋቀ በቆሎ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይበቃል፤ ጭራሽ ባይኖርም ይሆናል። ቀጭን ከሆነ ሦስት፣ ወይም ስታርቹ።

ስኳሩን በተመለከተ በአሜሪካ ደቡብና ሰሜን መካከል የቆየ ሙግት አለ፤ ጣዕም የለመዱት ነገር ስለሆነ በዚያ አልገባም። ነገር ግን ስኳር ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። ውሃውን ከስታርቹም ከእንቁላሉም ይሻማል፤ ሁለቱም የሚረጉበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የረጋውንም ያላላል። ስኳር ጠግቦ በመጣ በቆሎ ላይ እንደገና ሩብ ኩባያ ስኳር የሚጨምር ሰው ፑዲንጉን ሁለት ጊዜ ያቀጥነዋል። ከሱፐርማርኬት በቆሎ ጋር ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ትቶ ጨውን ትንሽ ከፍ ማድረግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሪያና ሽንኩርት የሚወድ ደግሞ አስቀድሞ በዘይት ወይም በቅቤ አቁላልቶ ውሃቸውን ያስጨርስ፤ ጥሬያቸውን ቢገቡ ውሃቸውን የሚለቁት ፑዲንጉ ከረጋ በኋላ ነው። ቲማቲምና ሎሚ ለዚህ ምግብ አይበጁም፤ አሲድ በረጅም ሙቀት ስታርቹን ይሰባብረዋል። በፍስክ ቀን ንጥር ቅቤ መጠቀም በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያደርጉት ከሆነ እደግፋለሁ፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ከበቆሎ ጣፋጭነት ጋር ይስማማል። በርበሬ ግን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው።

ስለ ሳጥን ዱቄቱም ጥቂት መባል አለበት። ጂፊ የተባለው በሳጥን የሚሸጥ የበቆሎ ማፊን ዱቄት ከአንድ ቆርቆሮ ሙሉ ፍሬ፣ ከአንድ ቆርቆሮ የተፈጨ በቆሎ፣ ከቅቤ፣ ከእንቁላልና ከሳወር ክሬም ጋር ተደባልቆ የሚጋገረው ምግብ በብዙ ቤት የበቆሎ ፑዲንግ ይባላል። የስንዴ ዱቄትና የሚያስነሣ ዱቄት ስላለበት ወደ ዳቦ የሚያደላ ነው፤ ጊዜ ላጠራት እናት ግን ታማኝ ምግብ ነውና በንቀት ማለፍ አይገባም። ለእኛ አንባቢዎች አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ። በዚያ ሳጥን ዱቄት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የዐሣማ ስብ ይገባ ነበር፤ ተመሳሳይ የሳጥን ዱቄት የሚገዛ ሰው የተጻፈውን ዝርዝር ሳያነብ አይግዛ።

አሁን ወደ ጾሙ። የአሜሪካ የምስጋና ቀን በኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ22 እስከ 28 ባሉት ቀናት ይውላል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ ይኸውም እንደ ዓመቱ ኖቬምበር 24 ወይም 25። ስለዚህ በአብዛኞቹ ዓመታት የምስጋና ቀን ጾሙ ከገባ በኋላ ይውላል፤ ቀድሞ በሚውልባቸው ዓመታትም ማግስቱ ዓርብ ነው፣ የተረፈው ፑዲንግ በጾም ቀን ነው የሚያድረው። ጿሚዋ እናት የምትሰማው መልስ «የፍስክ ምግብ ነው፣ ተዪው» ወይም «እንቁላሉን በምትክ ዱቄት ተኪው» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ እንቁላሉን የምግቡ ባለቤት አድርገው ቆጥረውታል። ከላይ ያየነው ታሪክ ሌላ መልስ ይሰጣታል። እንቁላልና ወተት የሌለበት ፑዲንግ የቆየው ፑዲንግ ነው፤ እርሷ ከምግቡ ምንም አልቀነሰችም።

አሠራሩም ቀላል ነው። በኅዳር ትኩስ እሸት ስለማይገኝ ከፍሪዘር የወጣ በቆሎ 4 ኩባያ ያህል ይወሰድ፤ ከዚያ 3ቱ ኩባያ ከአንድ ኩባያ ወፍራም የኮኮናት ወተት ጋር በብሌንደር ይፈጭ፣ ልብሱ ካስቸገረ በወንፊት ይጠለል። 3 ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይግባበት፤ 2 ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የተቀረውም አንድ ኩባያ ሙሉ ፍሬ። ይህ ድብልቅ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት በድስት ላይ እየተማሰለ ገና መወፈር እስኪጀምር ይሙቅ፤ አለዚያ ስታርቹ ከሥር ይዘቅጥና ፑዲንጉ ከላይ ቀጭን ከታች ድርቅ ያለ ይሆናል። ከዚያ ዘይት በተቀባ ሳህን በ175 ዲግሪ 45 ደቂቃ ያህል፣ ላዩ ቡናማ እስኪሆን ይጋገር። የውሃ መጥበሻ አያስፈልገውም፤ የሚበጣጠስ እንቁላል የለበትምና።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የእንቁላሉ ፑዲንግ ከምድጃ ሲወጣ ረግቶ ነው፤ የስታርቹ ግን ሲወጣ ልል ነው፣ የሚጠብቀው ሲበርድ ነው። የወፈረ ስታርች ሙቀቱ በወረደ ቁጥር እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ኩራው በቢላ የሚቆረጠው ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። የጾሙን ፑዲንግ ከምድጃ አውጥቶ ወዲያው በማንኪያ የነካው ሰው ልል ሆኖ ሲያገኘው «እንቁላል ስለሌለበት አልረጋም» ይላል፤ የተለመደውን አመለካከትም በገዛ ዓይኑ ያረጋገጠ ይመስለዋል። ግማሽ ሰዓት ቢታገሠው ፍርዱ ይለወጥ ነበር።

የእንቁላሉ ወገን አንድ የማልነካው መከራከሪያ አለው፦ እንቁላል አየር ይይዛል፣ ፑዲንጉን ያነሣል፣ የራሱንም ጣዕም ያመጣል። ይህን ጣዕም የሚወድ ሰው ይጠቀምበት፤ በኤድና ሉዊስ ፑዲንግ እኔም የምወደው ያንኑ ነው። ጥያቄዬ እንቁላሉ እንደ ቅመሙ ሁሉ በሠሪዋ ፈቃድ የሚገባና የሚወጣ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። የምግብ መጽሐፍ ጸሐፊዎችም ከእንቁላሉ ቁጥር በፊት የትኛውን በቆሎ ይዘው እንደሠሩ ቢጽፉ፣ ወረቀቱን ተከትላ ያልተሳካላት አንባቢ ምክንያቱን ከእጇ ባልፈለገችው ነበር።

በሀገር ቤት ይህን ምግብ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ጉዳዩ በተቃራኒው ይገለበጣል። የእኛ የመንገድ ዳር እሸት፣ በባኮ የምርምር ማዕከል የወጡትን ቢኤች 660ንና ወንድሞቹን ጨምሮ፣ የእህል በቆሎ ነው እንጂ ጣፋጭ በቆሎ አይደለም፤ ስኳሩን በፍጥነት ወደ ስታርች ይለውጣል፣ ወተቱም ወፍራም ነው። ከአሜሪካ መጽሐፍ የተገለበጠ አሠራር በዚህ በቆሎ ላይ ቃል በቃል ቢፈጸም የሚወጣው ድርቅ ያለ ነገር ነው፤ ጥፋቱም የእኛ በቆሎ ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ቢደረግ ግን ያምራል፦ ጥፍር ሲነካው ገና ወተት የሚረጨውን፣ ሊጥ መሆን ያልጀመረውን እሸት መምረጥ፤ በተቀጠፈ ዕለት መፋቅ፤ የስንዴ ዱቄቱን ፈጽሞ መተው፤ ለ3 ኩባያ የተፋቀ በቆሎ ፈሳሹን ወደ 2 ኩባያ ከፍ ማድረግ፤ እንቁላል ካስፈለገ አንድ። ስኳር ወይም ማር እዚህ ቦታ አለው፣ በቆሎው የራሱ ብዙ የለውምና፤ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። የተፋቀው በቆሎ ፈሳሹን ሁሉ ጠጥቶ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ወፍሮ ከተገኘ፣ ከወፍራም አጥሚት እስኪቀጥን ድረስ ወተት ወይም ውሃ ይጨመርበት፤ የቀረውን ስታርቹ ይሠራዋል።